የአራት መንግሥታት እርዳታ

«ሳን ሆዜ ያሉት ሠራተኞች ገና አልተነገራቸውም። አራተኛው መንግሥት ሳይፈርም ደግሞ ሊነገራቸው አይገባም።»

ጀማለዲን ይህን የሰማው ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ሊያደርግ እጅጌውን ጠቅልሎ ቧንቧውን እንደያዘ ነው። በመታጠቢያ ቤቱና በኢሊያስ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ነው። ኦክላንድ ቴሜስካል ሰፈር ውስጥ እንዳሉት ብዙ አሮጌ ቤቶች፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው በወዲያ በኩል ይማርህ የሚልበት ቤት ነው። ኢሊያስ ጎህ ሳይቀድ ከአውሮፓ ጋር ስብሰባ መቀመጡ አዲስ ነገር አልነበረም፤ እዚያ ያኔ ከቀትር በኋላ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ጀማለዲን ውሃውን ለቀቅ አድርጎ፣ ልጁን አላህ ይርዳው ብሎ ታጥቦ ይወጣ ነበር። ዛሬ ግን ቧንቧውን ሳይከፍት ቆመ። ኢሊያስ በእንግሊዝኛ ቀጠለ። ላይኑ ከተዘጋ በኋላ ማሽኖቹ በመርከብ እንደሚጫኑ፣ ያም በዕቅዱ ውስጥ እንዳለ ተናገረ። ከዚያ የመንግሥት እርዳታ፣ ስቴት ኤይድ አለ፤ የገንዘብ ጉድለት፣ ፈንዲንግ ጋፕ አለ፤ ብራስልስ እንደገና ጥያቄ ልካለች አለ። ቃላቱ ለየብቻ ሲሆኑ ጀማለዲን ያውቃቸዋል፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ምን እንደሚሉ አልገባውም። «ላይን» የሚለውን ግን ያውቀዋል። ሳን ሆዜ ያለው ላይን፣ የማምረቻው መስመር፣ አንድ ነው፤ እሱ ነጭ ቱታ ለብሶ፣ አፍንጫውን ሸፍኖ፣ የቺፕ መሥሪያ ማሽኖችን ሲጠብቅ ፀጉሩ የሸበተበት ላይን።

ኢሊያስ የእህቱ ልጅ ነው። እህቱ ስትሞት ወደ ኦክላንድ አምጥቶ ያሳደገው፣ ዩኒቨርሲቲ የከተተው፣ እዚያው ኩባንያ እንዲቀጠር ማመልከቻ አስገባ ብሎ የወተወተው እሱ ነው። አሁን ኢሊያስ ፎቅ ላይ፣ ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው። ኩባንያው የአውሮፓ ስለሆነ የኢሊያስ ሥራ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር መጻጻፍ ነው። ጀማለዲን ሥራው ምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀው «ኮኦርዲኔት ያደርጋል» ይላል፤ ጠያቂውም አይቀጥል፣ እሱም አይጨምር።

ሶላቱን ሰገደ፤ ግን ስንት ረከዓ እንደሰገደ ጠፍቶበት እንደገና ጀመረ። ኩሽና ሲገባ ሚስቱ ሱልጣና ተነስታ ቆማለች፤ የጉልበት ሕመሟ ስለማያስተኛት ከእሱ ቀድማ ነው የምትነሳው። «አሥር ሰዓት ነው አይደል? ባቡሩን ይዤ ዳብሊን ቀድሜህ እደርሳለሁ» አለችው፣ ፊቷ እንደ ዒድ ቀን በርቶ። ዛሬ ከሥራ መልስ ቤት ሊፈርሙ ነው። የቴሜስካሉ ባለቤት ቤቱን ሊሸጠው ስለሆነ ልቀቁ ብሏቸዋል። ዳብሊን፣ ከኦክላንድ ኮረብታ ወዲያ ባለችው ከተማ፣ ያገኙት ቤት ደግሞ ምድር ላይ መኝታ ክፍል አለው፤ ሱልጣና ደረጃ መውጣት ከብዷታል። ልጃቸው ሪሀናም እዚያው አቅራቢያ ናት። መጋረጃው ሳይቀር ተመርጧል። ጀማለዲን አዎ አሥር ሰዓት አላት፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

ጠዋት ጠዋት አጎትና የእህት ልጅ በአንድ መኪና ነው የሚሄዱት፤ ሁለት ሰው ያለበት መኪና በግራ በኩል ባለችው ፈጣኗ መስመር እንዲሄድ ስለሚፈቀድለት። ሌላ ጊዜ ስለ ኳስ ያወራሉ፣ ወይ ኢሊያስ መቼ እንደሚያገባ ጀማለዲን ያነሳና ኢሊያስ ሬዲዮውን ከፍ ያደርገዋል። ዛሬ ሬዲዮውም ዝም አለ። የኦክላንድ ወደብ ክሬኖች በጭጋጉ ውስጥ አለፉ፣ ሄይዋርድ አለፈ፣ ፍሪሞንት ላይ መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ ቆመ። ጀማለዲን መሪውን ይዞ ይጠብቃል። ይናገራል፣ አሁን ይናገራል፣ ልጄ ነው፣ እንዴት ዝም ይላል ይላል በሆዱ። ኢሊያስ ስልኩን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ሲያደርግ ቆይቶ በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ የዳብሊኑ ቤት... ሁሉንም ነገር ፋይናላይዝ አደረጋችሁ እንዴ? እርስዎ ፈርመዋል?»

ኢሊያስ አማርኛ ሲናገር አንተና እርስዎ ይደባለቁበታል። ደስ ሲለው «አንተ» ነው፤ የሚደብቀው ነገር ሲኖር «እርስዎ» ይመጣል። ትምህርት ቤት እያለ መስኮት ሰብሮ የመጣ ዕለትም እርስዎ ብሎ ነበር። ጀማለዲን ይህን ያውቃል፣ ሱልጣናም ታውቃለች፤ የማያውቀው ኢሊያስ ራሱ ብቻ ነው።

«ዛሬ ነው የምንፈርመው» አለ ጀማለዲን።

«ኦኬ» አለ ኢሊያስ። ከዚያ በኋላ እስከ ሳን ሆዜ መስኮቱን ነው ያየው። ጀማለዲን ሰምቼሃለሁ ሊለው አፉ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ምን ሰማሁ ይለዋል? ግድግዳ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ነበር ሊል ነው? ደግሞስ በትክክል ሰምቶ እንደሆነ በምን ያውቃል? ምናልባት የሚዘጋው ሌላ ላይን ይሆናል፣ ሌላ አገር። ነገር ግን ሳን ሆዜ ሲል ሰምቷል። ግራ ገባው። መኪናውን ሲያቆም የሰው ቦታ ላይ አቁሞ ጥበቃው አስነሳው።

ምሳ ሰዓት ላይ ግራ መጋባቱ ባሰበት። ካፍቴሪያው ውስጥ ጓደኛው አምሐ ከሩቅ እጁን እያውለበለበ ጠራው። አምሐ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ሱዳን በስደት ቆይቶ የመጣ፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም፣ ስጋ በሚበላበት ቀን ግን ጀማለዲን ፊት ሳህኑን ዞር አድርጎ የሚበላ ጨዋ ሰው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚህ ይሠራል፣ ቅዳሜና እሁድ ከሰው የተከራየውን የኤርፖርት ሻትል፣ መንገደኛ ማመላለሻ መኪና፣ ይነዳል። ዛሬ ፊቱ ላይ ሳቅ አለ።

«ሰማህ አይደል? ሊያሰፉት ነው» አለ፣ ወንበሩን እየሳበ። «ከጎናችን ያለውን ባዶ አዳራሽ ትናንት ሰዎች መጥተው ሲለኩ ዋሉ። ሱፐርቫይዘሩ በጆሮዬ ነው የነገረኝ፤ ሁለተኛ ላይን ይተከላል፣ ኦቨርታይም እንደ ጉድ ይሆናል አለኝ። ሚስቴን ዛሬውኑ ደውዬ ነገርኳት። ሻትሉን ልመልሰውና እሁድ እሁድ እንደ ሰው ቅዳሴ ላስቀድስ ነው።»

«ማን ነው የሚያሰፋው?» አለ ጀማለዲን።

«ኩባንያው ነዋ! ሌላ ማን ይሆናል? ምነው፣ ፊትህ እንደታመመ ሰው ሆነብኝ።»

ጀማለዲን ሩዙን በማንኪያ ወዲህና ወዲያ አደረገው። አንዱ ይዘጋል ሲል፣ አንዱ ይሰፋል ይላል። አዳራሹን ሲለኩ እሱም በዓይኑ አይቷል፤ ቆብ ያጠለቁ ሁለት ሰዎች ግድግዳው ላይ ቀይ ነጥብ እያበሩ ሲጽፉ። ሊዘጋ የተነሳ ሰው አዳራሽ ይለካል? የገዛ ጆሮውን መጠርጠር ጀመረ። እንዲያውም ለአንድ አፍታ ልቡ ቀለል አለውና አንድ ማንኪያ ጎረሰ።

ከምሳ በኋላ እንግዶች መጡ። ላይኑ ያለበት፣ አቧራ የማይገባበት ክሊን ሩም በአንድ በኩል ረጅም መስታወት አለው፤ ጎብኚ የሚያልፈው በዚያ ኮሪደር ነው። ሱፐርቫይዘሩ ጀማለዲንን ከማሽኑ አጠገብ ቁም፣ የምትሠራ ምሰል አለው። እየሠራ ላለ ሰው ሥራ ምሰል መባሉ ገረመው፤ ቢሆንም ቆመ። ከመስታወቱ ወዲያ ጥቁር ኮት የለበሱ ወንዶችና አንዲት ግራጫ ፀጉር ያላት ሴትዮ መጡ። ከፊታቸው እጁን ዘርግቶ የሚያሳየው ኢሊያስ ነው። ድምፅ አይሰማም፤ አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ጣቱ ከማሽን ማሽን ሲዞር ጀማለዲን በወጣትነቱ ደሴ ገበያ ከብት ሲታይ ትዝ አለው፤ ገዢና ደላላ ጥርሱን፣ ሰኮናውን የሚያዩለት ከብት። ጣቱ እሱ ጋ ደረሰ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ቱታ ስለሚለብሱ፣ ከዓይን በቀር የሚታይ ነገር ስለሌለ፣ እዚያ ውስጥ ማን ማን እንደሆነ ከውጭ አይለይም። ኢሊያስ ግን ለየው። ጣቱ አየር ላይ ቀረች፣ ዓይኑ ከአጎቱ ዓይን ጋር ተገናኘ፣ አፉም መንቀሳቀሱን አቆመ። ሴትየዋ የሆነ ነገር ጠየቀችው። ከዚያ እንደነቃ ሰው ዞር ብሎ ይዟቸው ሄደ።

ጀማለዲን አስፈቅዶ ሲወጣ ኢሊያስ መኪናው አጠገብ ቆሞ ይጠብቀዋል። ኮት አልደረበም፤ የመታወቂያው ማንጠልጠያ በነፋሱ ትከሻው ላይ ተጠምጥሟል።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንዳይፈርሙ።»

«ለምን?»

«ልነግርዎ አልችልም። ዛሬ ብቻ ይተዉት። ካንስል ያድርጉት።»

«ጠዋት በግድግዳው ሰምቼሃለሁ» አለ ጀማለዲን።

ኢሊያስ የመኪናውን በር ተደገፈ። «ምኑን ሰማህ?» አለ። አንተ ሆኗል።

«ይዘጋል ስትል ሰማሁ። አምሐ ደግሞ ይሰፋል ይላል። እርዳታ ስትልም ሰማሁ። እስቲ ንገረኝ ልጄ፣ መንግሥት ኩባንያ የሚረዳው ምን ሆኖ ነው? ተራበ?»

ኢሊያስ ሊስቅ ብሎ ፊቱ እምቢ አለው። ከዚያ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን እያደባለቀ፣ በእጁ እየሣለ ነገረው። እዚያ አውሮፓ አንድ መንግሥት የራሱን ኩባንያ ብቻውን መርዳት ሕጉ አይፈቅድለትም፤ የጎረቤቱ አገር ኩባንያ ይጎዳል። ግን ብዙ መንግሥታት ተባብረው፣ ለሁሉም የሚጠቅም ትልቅ ፕሮጀክት ነው ካሉ፣ ብራስልስ ያለው የአውሮፓ የጋራ መሥሪያ ቤት አይቶ ይፈቅዳል። አሁን አራት መንግሥታት አንድ ላይ ቺፕ ሊያሠሩ ነው። ሁሉም መፈረም አለባቸው። አንዱ ፈርሞ ሌላው ሲጠብቅ፣ የፈረመው ምርጫ ይመጣበትና ሚኒስትሩ ይቀየራል፤ አዲሱ ሚኒስትር ከመጀመሪያው አስረዱኝ ይላል። የኢሊያስ ሥራ እነዚህን አንድ ላይ ማስኬድ ነው። ኩባንያው ደግሞ ያለ እርዳታው ፕሮጀክቱን እንደማይሠራ ማስረዳት አለበት።

«ካላስረዳስ?»

«አይሰጠውም። ያለ እርዳታ የምትችል ከሆነ ለምን እንረዳሃለን ይሉታል።»

ጀማለዲን ይህኛው ገባው። ባቲ መጠለያ፣ በድርቁ ጊዜ፣ የሕፃናቱን ክንድ በሪባን የሚለኩ ሰዎች ነበሩ። ክንዱ የቀጠነ ይገባል፣ ትንሽ ሥጋ ያለው ይመለሳል። ታናሽ ወንድሙን ይዞ ተሰልፎ፣ ይሄኛው ደህና ነው ተብለው ተመልሰዋል። ያን ለኢሊያስ ነግሮት አያውቅም፤ አሁንም አልነገረውም። እርዳታ ሲባል የሚያውቀው ያንን ነበር፤ ኮት የለበሱ ሰዎች በመስታወት የሚያዩትን አይደለም።

«እና እኛ እዚህ ምን አገባን?» አለ።

«ያለ እርዳታው ምን ታደርጋላችሁ ብለው ይጠይቃሉ» አለ ኢሊያስ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «መልሱ ያለ እርዳታው ሳን ሆዜን እናሰፋለን ነው። አዳራሹ የተለካው ለዚያ ነው፤ ሴትየዋም ከብራስልስ የመጣችው ያንን በዓይኗ ልታይ ነው። እርዳታው ከተሰጠ ግን ሥራው ወደዚያ ይሄዳል። ይሄ... ይሄ አይኖርም።» በእጁ ሕንፃውን አሳየው።

«የቱ ነው የሚሆነው?»

«አላውቅም። ወላሂ ጋሼ አላውቅም። አንድ መንግሥት ነው የቀረው። ነገ ሊፈርም ይችላል፣ ለዓመትም ላይፈርም ይችላል።»

«መኪና ውስጥ ለምን አልነገርከኝም?»

ኢሊያስ ዓይኑ ቀላ። ምስጢር ለመጠበቅ መፈረሙን፣ ነገሩ ከወጣ ሥራውን ማጣቱ ብቻ ሳይሆን ፍርድ ቤትም እንደሚያስቆመው፣ ስንት ጊዜ ሊነግረው አፉን ከፍቶ እንደዘጋ ተናገረ። ጀማለዲን አቋረጠው። ተቆጥቶ ነበር፤ ግን በማን ላይ እንደሚቆጣ አላገኘውም። ከፊቱ የቆመው ያሳደገው ልጅ ነው። አራቱ መንግሥታት ደግሞ ፊት የላቸውም። «ለማንም እንዳትነግር። ለእትዬ ሱልጣናም» አለው ኢሊያስ። ጀማለዲን እሺ ብሎ መኪናውን አስነሳ።

ዳብሊን ያለው የደላላዋ ቢሮ ሲደርስ ሱልጣና ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ የሐር ሻሿን አስራ፣ ወረቀቶቹ ፊት ተቀምጣ አገኛት። ቤቱን ያገኘችላቸው ደላላ እጅጋየሁ የምትባል ፈጣን ሴት ናት፤ እስክሪብቶውን ከፍታ አቀበለችው። ጀማለዲን ያዘው። የሚፈርምበት ቦታ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። ላይኑ ከሰፋ ይህን ቤት በኦቨርታይም ይከፍለዋል፤ ከተዘጋ በዚህ ዕድሜው ማንም አይቀጥረውም፣ ቤቱም ይሄዳል። ሁለቱም እውነት ነበሩ፣ ሁለቱም ውሸት። እስክሪብቶውን አስቀመጠው።

«አልፈርምም።»

«ጋሽ ጀማል፣ ምነው? ቀብዱ እኮ ሊቀር ነው» አለች እጅጋየሁ ደንግጣ።

ሱልጣና እጇን ከፍ አድርጋ ዝም አሰኘቻት። «ብቻችንን ተይን እስቲ የኔ ልጅ» አለቻት። በሩ ሲዘጋ ባሏን አየችው። ጥያቄው ዓይኗ ውስጥ ስለነበር በአፏ አልጠየቀችውም።

«ፈራሁ» አላት።

«ምኑን?»

«ዝም ብዬ ፈራሁ።»

ወደ ኦክላንድ ተመለሱ። ኮረብታውን ሲወርዱ፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ፣ «ሐኪሙ ጉልበቴን አይቶ ደረጃ ይቅርብሽ ሲለኝ አንተም ነበርክ እኮ» አለች። ጀማለዲን እጁን ሊዘረጋ ፈልጎ ማርሽ ላይ አሳረፈው። ይህችን ሴት ካገባት ጀምሮ ብዙ ነገር ነፍጓታል፤ ምክንያት ነፍጓት ግን አያውቅም። የቆረቆረው ይህ ነበር እንጂ ፈሪ ተብሎ መቆጠሩ አልነበረም። ቤት ሲደርሱ ደረጃውን በአንድ እግሯ እየጎተተች ወጣች፤ ይዤሽ ልውጣ ቢላት ትከሻዋን አራቀች።

ማታ በጊዜ ራት ቀረበ። ኢሊያስ የሥራ ባልደረባ አድርሶት ገብቶ ተቀምጧል። ሱልጣና ፓስታውን እያደለች፣ «አጎትህ ፈርቶ ነው አሉ፤ ሳይፈርም መጣ» አለችው። ሰው ፊት ስለ ባሏ እንዲህ ተናግራ አታውቅም። ኢሊያስ ሹካውን ይዞ ቀረ። ጀማለዲን ደግሞ ብላ እንጂ አለው፣ ምንም እንዳልሆነ። ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው ሲበሉ የጀማለዲን ስልክ ጮኸ። እየበላ ስለነበር እንደልማዱ ስፒከሩ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ጀማል! ሻትሉን ይዤ ባለቤቱ ቤት በራፍ ላይ ነኝ» አለ አምሐ። «ቁልፉን ከሰጠሁት ወዲያ መመለስ የለም፤ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አለው። ሚስቴ ጀማልን ጠይቀው አለችኝ። አንተ ቸኩለህ አትናገርምና። ምን ትለኛለህ? ልስጠው?»

ጀማለዲን ስልኩን አየ። ስጠው ቢል ጓደኛውን ገደል መክተት ነው። አትስጥ ቢል ለምን ይለዋል፤ አምሐ ለምንን የማይተው ሰው ነው፣ ነገ ካፍቴሪያ ሲደርስ ደግሞ ሁሉም ይሰማል። ጠዋት በፍሪሞንት መንገድ ልጁ አጠገቡ ሆኖ የዋጠውን ነገር አሁን እሱ በጉሮሮው ይዞታል። እንዴት ቀላል እንደሆነ አየው፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

«እንደ... እንደ መሰለህ አድርግ አምሐ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ የእሱ አልመሰለውም።

«እንደ መሰለኝማ ልሰጠው ነው። ደህና፣ በቃ...»

ወንበር ተገፋ። ኢሊያስ ቆሞ ነበር። ጠረጴዛውን ዞሮ መጥቶ ስልኩን አነሳ። ሱልጣና ማንኪያውን እንደያዘች ከአንዱ ወደ አንዱ ታያለች።

«ጋሽ አምሐ፣ ኢሊያስ ነኝ። ቁልፉን አይስጡ።»

«ኢሉ! ምን ሆነህ ነው ድምፅህ?»

«አይስጡ ብቻ። ላይኑ ሊዘጋ ይችላል። ወደ አውሮፓ ሊወስዱት ይችላሉ። ጋሼም ያልፈረመው እኔ ነግሬው ነው፤ ፈርቶ አይደለም።»

ሱልጣና ማንኪያውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ባሏን አየችው፣ ረጅም ጊዜ፤ እሱ ግን ኢሊያስን ነበር የሚያየው። ከስልኩ ውስጥ የአምሐ መኪና ሞተር ይሰማል።

«ቆይ እስቲ፣ አዳራሹን ሲለኩ በዓይኔ አይቻለሁ እኮ» አለ አምሐ። «ሱፐርቫይዘሩም ይሰፋል ብሎኛል። አንተ ደግሞ ይዘጋል ትላለህ። የቱ ነው እውነቱ?»

ኢሊያስ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው።

«እኔም አላውቅም ጋሽ አምሐ» አለ። «ሁለቱንም ዕቅዶች የጻፍኳቸው እኔ ነኝ።»